የእርጥብ ካብ ጨርቅ

ከመንዝ ደጋ ወደ ቆላው በሚያዘቀዝቀው ገደል አፋፍ ላይ፣ ጉም ብዙ የማይለየው አንድ ጎጥ አለ። ስሙ እርጥብ ካብ ነው። ስሙን ያገኘው ከምንጩ ከፍ ብሎ ካለ፣ ቁመቱ ከሰው ወገብ ከማያልፍ አሮጌ የድንጋይ ካብ ነው። ካቡ ዛሬ የማንንም ግቢ አያጥርም፤ በአንዱ በኩል እርሻ፣ በሌላው በኩል የእግር መንገድ ነው። ድንጋዩ ሽበት አውጥቷል፤ በበጋም ቢሆን ሲነኩት እጅ ያረጥባል። አንድ ሥራ ብቻ አለው፤ በጎጡ ሴት በወለደች ጊዜ ለሕፃኑ የተዘጋጀው አዲስ ጨርቅ ይሰጣበታል።

ሕፃኑ ግን ያን ጨርቅ አይለብሰውም። በቤት የተፈተለም ይሁን ከደብረ ብርሃን ገበያ በላስቲክ ታሽጎ የመጣ ኮፍያና ካልሲ፣ የሚለብሰው ሌላ ልጅ ነው። የመጀመሪያው ጨርቅ ከሌላ ሕፃን ገላ ላይ ተገፎ፣ ሙቀቱ ሳይወጣለት መምጣት አለበት። ይዛው የምትመጣዋም ሴት ከወዳጅ ቤት አትመረጥም። ቤቱ በክፉ የሚያየው፣ በልቡ የሚጠረጥረው ሰው ካለ ከዚያ ቤት ነው የምትመጣው። የአራሷ ባል ደጃፍ ላይ ቆሞ ይጠብቃታል፤ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚባለው ሴትየዋ ከሄደች በኋላ ነው።

የሌላ አገር ሰው ይህን ሲያይ ግራ ይገባዋል። የጎጡ ሽማግሌዎች ግን ነገሩን ጓንጉል ከሚባል ሰው ይጀምሩታል።

እንደሚነገረው ጓንጉል ገና ልጅ ሳለ አገሩን ፈንጣጣ መታው፤ አባትና እናቱን በአንድ ክረምት ቀበረ። እሱና ታናሽ ወንድሙ ላቀው የአባታቸው ወንድም ተሰማ ቤት ገቡ። ገቡ ይባል እንጂ የሚተኙት ከጥጆቹ ጋር ነበር። የአባታቸውን መሬት አጎትየው ከራሱ ጋር ደርቦ አረሰው፤ ልጆቹም ከገዛ መሬታቸው የወጣውን እህል እንደ ምጽዋት እየተቀበሉ በሉ። በሐምሌ ብርድ የላቀው ጥርስ ሲንቀጫቀጭ አጎትየው አንድ ቀን ምንም ሳይናገር ደበሎ ወርውሮላቸው ወጣ፤ ጸጉሩ ያላለቀ፣ ጥሩ የበግ ቆዳ። አንድ ልጅ ብቻ ነው የሚያለብሰው። ጓንጉል ታናሹን አለበሰው። ላቀው ብዙም ሳይቆይ ገላው ተኮሰ፣ ከዚያ ፊቱ ላይ ወጣበት፣ ከዚያም ሞተ።

የቀብሩ ዕለት ሰው ሲበተን አንድ ሰው ወደ ጓንጉል ጆሮ ጠጋ ብሎ «ያ ደበሎ የማን ነበር?» አለው ይባላል። ሌላ ነገር አልጨመረም። ሰውየው ማን እንደነበረ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ያቺ ጥያቄ ግን ከጓንጉል ጋር አደገች።

ጓንጉል ከዚያ ቤት ወጥቶ ነጋዴ ተከተለ። አህያ እየጫነ፣ አህያ እያራገፈ፣ የማያውቀው ደጅ እያደረ ጎረመሰ። ሰው ያልቀመሰውን ውሃ አይጠጣም፤ የሰው ቁርበት ላይ አይተኛም፤ ለብርድ ጋቢ ቢያውሱት «ሞቆኛል» ብሎ እየተንቀጠቀጠ ያድራል። ሲመለስ ጺም አውጥቶ ነበር። አጎቱ ሞቷል። ሽማግሌ ተቀምጦ ከአባቱ መሬት እኩሌታውን፣ ያውም ጉም የሚውልበትን የገደሉን ዳር፣ መለሱለት። እዚያ ቤት ሠራ፤ በቤቱም ዙሪያ ድንጋይ በድንጋይ እየደረበ ያን ካብ ካበ። ለካቡ ደቦ አልጠራም፤ የሌላ ሰው እጅ እንዲገባበት አልፈለገም ይላሉ።

ከምንጩ ማዶ በአጎቱ ቤት የምትኖረው የአጎቱ ልጅ ዘርትሁን ነበረች። እሷም በልጅነቷ ፈንጣጣ ወጥቶባት ስለነበር ፊቷ ጠባሳ ነው። ሁለቱ ሰላምታ አልነበራቸውም። ምንጩ ላይ የተገናኙ እንደሆነ አንዱ ቀድቶ እስኪሄድ ሌላው ራቅ ብሎ ይቆማል።

ጓንጉል ሚስቱን እንጉዳይን ሆን ብሎ ከሩቅ አገር አመጣት፤ ከጎጡ ሰው ጋር ዝምድና እንዳይኖራት ነው ይባላል። ሳቂታ ሴት ነበረች። እሷ ባረገዘች ጊዜ የባሏ ጥርጣሬ ሥራ አገኘ።

መጀመሪያ ቤት ውስጥ ያለውን አሮጌ ነገር ሁሉ፣ ባናውንም ቁርበቱንም ቡትቶውንም፣ አውጥቶ አቃጠለው። ባና የሚባለው የዚያ አገር ሰው ከበግ ጸጉር የሚያሠራው ወፍራም ልብስ ነው፤ ያለ እሱ የመንዝ ክረምት አይገፋም። እንጉዳይ ጭሱን እያየች «እኛስ ምን ልንለብስ ነው?» ብትለው «አዲስ» አላት። ከእሱ ጋቢና ከእሷ ቀሚስና ነጠላ በቀር በቤቱ የቀረ ጨርቅ አልነበረም።

ከዚያ ለሚወለደው ልጅ የሚያስፈልገውን አንድ በአንድ ይሰበስብ ጀመር። ጎረቤት «ለአራሷ» ብሎ ያመጣውን እራፊና ቆብ ሁሉ በምስጋና መለሰ። ለአንቀልባው የራሱን በግ አርዶ ቆዳውን ራሱ ሊያለፋው ተቀመጠ። ሕፃኑ እንደተወለደ የሚውጠው ቅቤ ከራሱ ላም ወተት እንዲወጣ፣ የእትብቱ ማሰሪያ በእንጉዳይ እጅ እንዲፈተል፣ ምላጩ በእሳት እንዲያልፍ አዘዘ። ጥጡን ከቆላ ነጋዴ ገዝቶ ፍሬውን ለብቻው ሲለቅም ሰነበተ። እንጉዳይ ስትፈትል አጠገቧ ይቀመጣል። ድሩ ሸማኔ ቤት ሲሄድ ደግሞ እሱም አብሮ ሄዶ ሸማኔው እግሩን ከሚሰድበት ጉድጓድ አፍ ላይ ቁጢጥ አለ። ሸማኔው መወርወሪያውን አቁሞ፣

«ጌታዬ፣ ከክር ውስጥ ምን ልደብቅብህ እችላለሁ?» አለው።

«እሱን ነው የማየው» አለ ጓንጉል።

ጨርቁ አልቆ ወጣ፤ መጠቅለያ፣ ሽንት ጨርቅ፣ እትብት ላይ የሚጠመጠም መቀነት፣ ትንሽ ቆብ። አገር ያላየው ነጭ ነበር። ጓንጉል ግን የሸማኔው እጅ ነክቶታል ብሎ ምንጭ ወርዶ በእንዶድ አጠበውና ካቡ ላይ አሰጣው።

ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። የጎጡ አዋላጅ እትዬ ትሁኔ፣ ምላሷ የማያርፍ ሴት፣ በዚያ ስታልፍ ጣቷን ጨርቁ ላይ አሳረፈችና፣

«ይኸው ነካሁት! አሁን ምን ይሆናል?» አለች።

ጓንጉል ጨርቁን ሰብስቦ ወደ ምንጩ ወረደ።

«ኧረ ቀልዴን ነው!»

«እኔ አልቀልድም» አለ፤ እንዶዱን እየወቀጠ።

ወሬው ተሰማ። ከዚያ ወዲያ በዚያ መንገድ ያለፈ ሁሉ ወይ በጣቱ፣ ወይ በዱላው ጫፍ ነካ ሳያደርገው አያልፍም ሆነ። ጓንጉልም ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል፤ የተነካውን እያነሣ እንደገና ያጥባል። አንዱ ጎረቤት «ጓንጉል፣ ልታነጣው ነው ወይስ ልትገድለው?» ሲለው ሰው ሳቀ። እንጉዳይም ሆዷን ይዛ እየሳቀች «ስወልድ እኔንም ታጥበኝ ይሆናል» አለችው ይባላል። እሱ አልሳቀም። የላቀው ፊት ነበር የሚታየው።

ነሐሴ ገባ። ጉሙ ከገደሉ ወጥቶ ካቡ ላይ ተኛ። የታጠበ ጨርቅ ጠዋት ቢሰጣ ማታ እንደረጠበ ነው፤ ቤት አስገብቶ እንዳያደርቀው ደግሞ ጭሱ ውስጥ ምን እንዳለ ያጠራጥረዋል። ስለዚህ ካቡ ላይ እንዳለ ተወው። ጊዜ አለ ብሎ ነበር፤ የእንጉዳይ ወር ገና አልገባም።

ወሩ ሳይገባ፣ አንድ ቀን ከቀትር በፊት፣ ምጥ መጣ። እትዬ ትሁኔ ዝናብ እየመታት ደረሰች። ጓንጉል እጇን በፍል ውሃና በአመድ አሳጥቦ አስገባት። ምጡ ጨከነ፤ እንጉዳይ ብዙ ደም ፈሰሳትና ብርድ ብርድ አላት፤ ጋቢውን አውልቆ ደረበላት። በመጨረሻ ሕፃኗ ወጣች። ሴት ናት። ከድመት ግልገል ብዙም አትበልጥም።

«ጨርቅ!» አለች ትሁኔ።

ጓንጉል ወደ ካቡ ሮጠ። መጠቅለያውን ሲያነሣው ውሃው በክንዱ ላይ ወረደ። ቢጨምቀው እንደገና ወረደ። ቆቡም ውሃ ነው፣ መቀነቱም ውሃ ነው። ያን ሁሉ ሰብስቦ ይዞ ገባ።

ትሁኔ አየችው። «በውሃ ልትጠቀልላት ነው?»

«እሳት ላይ ይደርቃል።»

«እስኪደርቅስ?»

«እሳቱ ዳር ያዣት።»

«እሳት አለ ብለህ ልጅ ትጥዳለህ? ፊቷን ስጠብሰው ጀርባዋ ሲበርዳት? እኔ ራሴ እርጥብ ነኝ፤ እናቷም እየተንቀጠቀጠች ነው፤ ነጠላዋም ጋቢህም ደም ጠጥተዋል።» የሕፃኗ ከንፈር ሰማያዊ ሆኗል። ድምጿ እንደ ጫጩት ቀጥኗል። «ከጎረቤት ላስመጣ?»

ጓንጉል መጠቅለያውን እንደገና ጨመቀው።

ትሁኔ ያን ጊዜ አልቀለደችም። «ጓንጉል፣ አንተ ሰው እስክታምን እሷ አትጠብቅህም» አለችው።

እሱ ግን እሺ የሚለው ቃል ከአፉ አልወጣ አለው። ዱላውን ይዞ በሩ ላይ ቆመ። ማንን እንደሚጠብቅ፣ ማንን እንደሚከለክል እሱም አያውቅም ነበር ይላሉ።

ከጉሙ ውስጥ የመጣችው ዘርትሁን ናት። ማን እንደጠራት ሁለት ዓይነት ይወራል። አንዳንዶች ትሁኔ በጓሮ በኩል ተጣርታ ነው ይላሉ፤ ሌሎች ግን ዘርትሁን ከማዶ ሆና ምጡን ስትሰማ ቆይታ፣ ጩኸቱ ሲያበቃ እልልታው ስለዘገየባት ነው ይላሉ። ገና ጡት ያልጣለ ወንድ ልጇን አቅፋለች፤ ልጁ በአሮጌ ባና ቁራጭ ተጠቅልሏል።

ጓንጉል ዱላውን በበሩ ላይ አጋደመ።

«ምን ይዘሽ መጣሽ?»

«ልጄን።»

«ሌላስ?»

«የለበሰውን።»

«ከእናንተ ቤት ጨርቅ እዚህ አይገባም።»

«አውቃለሁ» አለች። አውቃለሁ ብላም አልተመለሰችም፤ እዚያው ጉሙ ውስጥ ልጇን ከባናው ፈታችው። ልጁ ብርዱ ሲያገኘው እሪ ብሎ አለቀሰ። ራቁቱን በሁለት እጇ ወደ ጓንጉል ዘረጋችው።

«ንካው።»

«ጨርቁን?»

«ልጁን! ጨርቅ ምን ይነግርሃል? ትኩሳት ካለው እጅህ ያገኘዋል፤ ያወጣበት ነገር ካለ ዓይንህ ያየዋል። ንካውና የምታደርገውን አድርግ። ቶሎ በል፣ ልጄ በረደው።»

ጓንጉል በሕይወቱ ማንም እንዲህ ብሎት አያውቅም ነበር። ሰው ሁሉ እመን ነው የሚለው፤ ወይ ይስቅበታል። ዱላውን ወደ ግራ እጁ አዛውሮ ቀኝ እጁን የልጁ ግንባር ላይ አደረገ። ከብብቱ ሥር ዳሰሰ። ገልብጦ ጀርባውን አየ። ሆዱ ላይ እጁን ሲያሳርፍ ልጁ ሸናበት። ከውስጥ ታያቸው የነበረችው ትሁኔ «ይኸው ታጠብክ! አሁን ተቀበል!» ብላ ጮኸችበት ይባላል።

ልጁ ደህና ነበር። ገላው የጤነኛ ልጅ ገላ ነው። ጓንጉል ግን እጁን ከሆዱ ላይ ሳያነሣ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ማንንም ያልጠየቀውን ጠየቃት።

«ያ ደበሎ የማን ነበር?»

ዘርትሁን የትኛው ደበሎ አላለችም። «የኔ። አባቴ ከላዬ ላይ ገፎ ነው የሰጣችሁ።»

«ያኔ ታመሽ ነበር?»

ጠባሳው ያለበትን ፊቷን ቀና አድርጋ አየችው። «እኔ እንጃ። ልጅ ነበርኩ። ሲወስድብኝ ማልቀሴን ነው የማስታውሰው።»

መልሷ አጎቱን ነፃ አላወጣውም፤ አላስፈረደበትምም። ተሰማ ለወንድሙ ልጆች ሲል የገዛ ልጁን አራቁቷት ይሆናል፤ ወይም ከታመመች ልጅ ላይ ያነሣውን ልብስ እያወቀ ወርውሮላቸው ይሆናል። የሚያውቀው ሰው ከሞተ ቆይቷል። ጓንጉል ያን ሁሉ ዓመት የተሸከመው ነገር እዚያ በር ላይ እንደማይፈታ ገባው። ከውስጥ የሕፃኗ ድምፅ ከበፊቱ ቀጥኖ ተሰማ፤ ከዚያ ዝም አለ።

ዱላውን ጣለው። ባናውን ከዘርትሁን እጅ ወሰደ። ሞቅ ያለ ነበር፤ ወተት ወተት ይሸታል። ይዞት ገባ።

ዘርትሁንን ግቢ ያላት አልነበረም፣ እሷም ልግባ አላለችም። ልጇን ከቀሚሷ ውስጥ ደረቷ ላይ ለጥፋ፣ ነጠላዋን ደርባበት፣ ወደ ጉሙ ተመለሰች። ምንጩ ጋ ስትደርስ ከኋላዋ ሕፃን ሲያለቅስ፣ ከዚያም የትሁኔ እልልታ ሲያስተጋባ ሰማች ይባላል።

ጓንጉል ያን ቀን እሳቱ ዳር ተቀምጦ ነጩን ጨርቅ ሲያገላብጥ ዋለ። ጭሱን አልፈራም ወይም ፍርሃቱን ዋጠው። ሲደርቅ እንጉዳይ ለልጇ የሚሰጣት መስሏት እጇን ብትዘረጋ «ይህ የኛ አይደለም» አላት። «ልጁ ራቁቱን ነው የሄደው።»

በማግሥቱ ጠዋት ከምንጩ ማዶ ተሻገረ። ከጥጆቹ ጋር ያደረበትን ቤት ደጅ ከረገጠ ስንት ክረምት አልፏል። ዘርትሁን በሩን ሙሉ በሙሉ አልከፈተችም። ጨርቁን በስንጥቁ ተቀብላ ብርሃን ላይ ዘረጋችው፤ ጠርዙን በጣቷ አስኬደችው፤ አሸተተችው።

«ምን ታያለሽ?» አላት።

«አንተ ያየኸውን። ወንድምህ ከዚህ ቤት በወጣ ልብስ ሞተ ብለህ ነው የኖርከው። እንዲህ ያለ ሰው ለልጄ ጨርቅ ይዞ ሲመጣ ዝም ብዬ ልቀበል?» አለችና «በምን አጠብከው?» ብላ ጠየቀችው።

«በእንዶድ።»

«ስንት ጊዜ?»

ጓንጉል አሰበ። «ቆጥሬው አላውቅም።»

ዘርትሁን ሳቀች። የሱ ፊትም ሳይታወቀው ፈታ አለ። እሷ ግን ሳቋን ሳትጨርስ ጨርቁን መለሰችለት። «እስኪ አንተ ቅደም።»

ጓንጉል ነጩን ጨርቅ አንገቱ ላይ ጠመጠመው፣ ፊቱን ጠረገበት፤ እንደዚያ ሆኖ ደጃፉ ላይ ቆመ። ምን ያህል እንዳቆመችው የሚያውቅ የለም። ሲበቃት እጇን ዘረጋች፤ ከአንገቱ ፈትቶ ሰጣት። ልጇን በአዲሱ ጨርቅ የጠቀለለችው እሱ እያየ ነው።

ከዚያ በኋላ ታረቁ የሚል አለ፤ አልታረቁም የሚል ይበዛል። ጓንጉል እስኪሞት ዘርትሁን ቤት እህል አልቀመሰም። እሷም ከሱ ቤት ውሃ አልጠጣችም። ግን እንጉዳይ ሁለተኛ ልጅ ስትወልድ ጓንጉል ራሱ ምንጩን ተሻግሮ «ልብሱን አምጪልኝ» አላት፤ ዘርትሁንም በወለደች ጊዜ ባሏን ወደ ካቡ ላከችው። ይህን ያየ ጎረቤት መጀመሪያ ሳቀ፤ ቆይቶ አደረገው። አዲሱ ጨርቅ ለሰጪዋ ልጅ፣ የለበሰው ለአራሷ ልጅ ሆኖ ቀረ። ጎጡም ከዚያ ወዲህ እርጥብ ካብ ተባለ።

ስለ ደበሎው ዛሬም ሁለቱ ዘሮች አይስማሙም። የተሰማ ልጆች ነን የሚሉት፣ አባታችን የገዛ ልጁን ልብስ ገፎ ሰጠ እያሉ በኩራት ያወሩታል። የጓንጉል ወገን ደግሞ ያንኑ ወሬ አውርቶ ሲጨርስ «እንግዲህ ደበሎው የኔ ነበር ብላ ራሷ ዘርትሁን ተናግራለች» ብሎ ዝም ይላል። በአንድ ሰርግ ቤት ሁለቱ ወገኖች ከተገናኙ ሽማግሌዎች ይህን ታሪክ አያነሡም።

ልማዱ ግን አልቀረም። አራሷ ታች መንገዱ ዳር ካለው ጤና ጣቢያ ብትወልድ እንኳ ከማይወዱት ቤት የተመረጠችው ሴት ልጇን አዝላ ወርዳ በሩ ላይ ትጠብቃለች፤ አዲሱ ጨርቅም ካቡ ላይ ይሰጣል። አባትየው ይወጣል። ሴትየዋ ልጇን ፈትታ «ንካው» ትላለች። እሱም እጁን ሕፃኑ ሆድ ላይ አሳርፎ እስኪበቃው ይቆያል፤ ግንባሩን ይነካል፣ ጀርባውን ያያል። ጠረጠርከን ብሎ የሚቀየመው የለም፤ ዘመድ ቆሞ እያየ አፍ አውጥቶ አያጣድፈውም። ቶሎ በል ማለት የሚፈቀድላት ለዚያች ሴት ብቻ ነው፤ ልጇ በርዶታልና።